በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኙ የሰዋስው ምልክቶች አነባበብ

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጣ የእንግሊዝኛ ምንባብ ስታነብ «ዘ ስኩል ትሬይንስ ድራይቨርስ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሳ ቆመች። «ትሬይን» ባቡር እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ድሬዳዋም የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት። ስለዚህ በደብተሯ ኅዳግ ላይ «የትምህርት ቤቱ ባቡሮች ሾፌሮች» ብላ ጻፈች። አላረካትም። መዝገበ ቃላቷን ገለጠች፣ የመጀመሪያውን ፍቺ አየች፣ «ባቡር» መሆኑን አረጋገጠችና መልሳ ዘጋችው። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ብታነብ ኖሮ ያው ቃል «ቪ» የምትል ፊደል ይዞ «ማሠልጠን» የሚል ፍቺ እንደተሰጠው ታገኝ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም «ትምህርት ቤቱ ሾፌሮችን ያሠለጥናል» ማለቱ ነበር።

ይህን የምጽፈው በድሬዳዋ ተማሪዎችን ከክፍል ውጭ ሳስጠና ይኸው ነገር ደጋግሞ ስለገጠመኝ ነው። ልጆቻችን መዝገበ ቃላት አይገልጡም ማለት አይቻልም፤ ይገልጣሉ፣ ብዙዎቹም አሁን በስልካቸው ይዘውታል። ችግሩ በመሪ ቃሉና በፍቺው መካከል በትንንሽ ወይም በዘመመ ፊደል የተጻፈውን ዘለው በቀጥታ ወደ ፍቺው መሮጣቸው ነው። ያ ትንሽ ጽሑፍ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ የሚናገር በመሆኑ፣ እርሱን ሳያነብ ፍቺውን ብቻ የሸመደደ ሰው ቃሉን ያወቀ ይመስለዋል እንጂ በጽሑፉም በንግግሩም ሊገለገልበት አይችልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር ይህ ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም መጽሐፍ የሚነበበው በዚሁ ዐይን ነው።

ከመግለጥዎ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ መዝገበ ቃላቱ ገና ሳይከፈት የሚሠራ ነው። ያልታወቀው ቃል በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዐይናችን ግሱን ከአራት ነጥቡ አጠገብ መፈለግ ለምዷል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ከተሳቢው በፊት ይቆማል። ከላይ በጠቀስሁት ዓረፍተ ነገር «ዘ ስኩል» ባለቤት ነው፣ «ድራይቨርስ» ተሳቢ ነው፣ በሁለቱ መካከል ካለው ቃል በቀር ግስ ሊሆን የሚችል ሌላ ቃል የለም፤ ስለዚህ «ትሬይንስ» ግስ መሆኑ ግድ ነው። ተማሪዋን ያሳሳታት በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» ነበረች። ይህች ፊደል ስም ላይ ስትቀጠል ብዛትን ታመለክታለች፤ ግስ ላይ ስትቀጠል ግን ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ መሆኑንና ጊዜው የአሁን መሆኑን ታመለክታለች። ተማሪዋ የመጀመሪያውን ብቻ ስለምታውቅ «ባቡሮች» አለች።

ከቃሉ በፊት ያለውም ይረዳል። «ዘ»፣ «ኤ» ወይም «ማይ» ከቀደመ ወደፊት ስም አለ ማለት ነው። «ካን»፣ «ዊል» ወይም «መስት» ከቀደመ የሚከተለው ግስ ነው። ይህን ግምት በእርሳስ ከቃሉ በላይ ከጻፉ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ይክፈቱና ከግምትዎ ጋር የሚገጥመውን ምልክት ይፈልጉ። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ስሙንና ግሱን ለየብቻ መሪ ቃል አድርገው ከላይ በትንሽ ቁጥር ይለዩአቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ሁሉንም በአንድ ረጅም ፍቺ ሥር ያስቀምጡና የቃሉ ክፍል በተለወጠ ቁጥር አዲስ ምልክት ያደርጋሉ። በሁለተኛው ዓይነት እስከ መጨረሻው መውረድ ያስፈልጋል።

ምልክቱ አነባበቡንም ሊለውጥ ይችላል። «ሬከርድ» ተብሎ የድምፁ ኃይል በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ መዝገብ ወይም ክብረ ወሰን የሚል ስም ነው፤ «ሪኮርድ» ተብሎ ኃይሉ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ መመዝገብ ወይም መቅረጽ የሚል ግስ ነው። ፊደሉ አንድ ነው።

ስያሜዎቹ ምን ማለት ናቸው?

«ኤን» ስምን፣ «ቪ» ግስን ያመለክታሉ። «ኤ ዲ ጄ» ቅጽል፣ «ኤ ዲ ቪ» ተውሳከ ግስ ነው። ብዙዎች የሚያምታቷቸው በ«ፒ አር» የሚጀምሩት ሁለቱ ናቸው፤ «ፒ አር ኦ ኤን» ተውላጠ ስም ሲሆን «ፒ አር ኢ ፒ» መስተዋድድ ነው። «ሲ ኦ ኤን ጄ» መስተጻምር ነው። በአዳዲሶቹ መዝገበ ቃላት «ዲ ኢ ቲ» የሚል ሌላ ምልክት አለ፤ ዲተርሚነር የተባለው ሲሆን ከስም በፊት ቆሞ የትኛው፣ የማን ወይም ስንት እንደሆነ የሚወስን ቃል ነው። በዚህ ምክንያት «ማይ» የሚለው ቃል በአሮጌ መዝገበ ቃላት ቅጽል ተብሎ በአዲሱ ዲተርሚነር ሲባል ያየ ሰው አንዱ ተሳስቷል ብሎ አይደናገር፤ የቃሉ ሥራ ያው ነው፣ የተለወጠው ምደባው ነው።

እነዚህን ስያሜዎች በቃል ከማጥናት ይልቅ ከምናውቃቸው ቋንቋዎች ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ በዚህ ደግሞ የድሬዳዋና የሐረር ተማሪ ከብዙዎች የበለጠ ዕድለኛ ነው። «ናውን» የሚለው ቃል ከላቲኑ «ኖመን» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ስም ማለት ነው። እኛም በአማርኛ ስም እንለዋለን፣ አፋን ኦሮሞ «መቃ» ይለዋል፣ ሶማልኛ «መገዕ» ይለዋል፤ ሁሉም ሰው ከሚጠራበት ስም የተወሰዱ ናቸው። «ፕሮናውን» በላቲን በስም ፈንታ የሚቆም ማለት ነው። «ተውላጠ ስም»ም ወለጠ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ስለሆነ የስም ልዋጭ ማለት ነው፤ የአፋን ኦሮሞው «ባመቃ» የስም ቦታ፣ የሶማልኛው «መገዑያል» ስለ ስም የሚቆም የሚል ሐሳብ የያዘ ነው። «አድቨርብ» ወደ ግስ የተጨመረ ማለት ሲሆን፣ «ተውሳክ»ም ወሰከ፣ ጨመረ ከሚለው የተገኘ ጭማሪ ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስጽፈው ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲተራረሙና የቤታቸውን ቃል እየጠሩ ሲያወዳድሩ ማየት እጅግ ደስ ያሰኘኛል፤ ባዕድ መስሎ ያስፈራቸው ቃል በየቤታቸው ቀድሞ የነበረ ነውና።

የሚቆጠርና የማይቆጠር

ከ«ኤን» ቀጥሎ ብዙ ጊዜ «ሲ» ወይም «ዩ» የምትል ፊደል በቅንፍ ትገኛለች። «ሲ» ተቆጣሪ፣ «ዩ» የማይቆጠር ስም ማለት ነው። ይህ ምልክት ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ ብዙም አይጠቅምም፤ ወደ መዝገበ ቃላት የገባው ለእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ ታስቦ ነው። በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1942 በዚያው በጃፓን የታተመው፣ በ1948 ደግሞ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት የወጣው መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛ ውጭ ያደገ ተማሪ የት እንደሚሰናከል እያሰበ የተጻፈ ነበር።

እኛ የምንሰናከለው አማርኛ በነጻነት የሚያበዛቸውን ስሞች ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር ነው። ምክር፣ ምክሮች እንላለን፤ «አድቫይስ» ግን «ዩ» ስለሆነ «ኤስ» አይቀበልም፣ «አን»ም አይቀድመውም። መረጃዎች እንላለን፤ «ኢንፎርሜሽን» አይበዛም። የቤት ዕቃዎች፣ የቤት ሥራዎች እንላለን፤ «ፈርኒቸር»ም «ሆምወርክ»ም እንደዚያው ናቸው። በ«ዩ» የተመለከተ ስም መቁጠር ሲያስፈልግ «ኤ ፒስ ኦፍ» የሚል መስፈሪያ ይታከልበታል፤ እኛ ውሃን በብርጭቆ፣ ስኳርን በኪሎ እንደምንቆጥረው ማለት ነው።

አንድ ስም ሁለቱንም ምልክት የያዘ እንደሆነ ፍቺዎቹን በጥንቃቄ ይለዩ። «ኮፊ» በ«ዩ» ሲሆን ዓይነቱ ነው፤ የሐረር ቡና ሲባል ፍሬውም መጠጡም በጥቅሉ ይታሰባል። በ«ሲ» ሲሆን ግን አንድ ስኒ ነው፤ «ቱ ኮፊስ» ብሎ ያዘዘ ሰው ሁለት ስኒ እንዲቀርብለት ጠየቀ እንጂ ሁለት ዓይነት ቡና አላለም።

በእኛ አካባቢ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት ልጨምር። አንድ ተማሪ ስለ አጎቱ ሥራ ሲጽፍ «ማይ አንክል ሴልስ ቻት» አለ፤ ጫትን በ«ሲ ኤች ኤ ቲ» ተጽፎ በየቦታው ስላየው ነው። በመዝገበ ቃላት ግን በእነዚህ ፊደላት የሚገኘው ዋናው ቃል ጨዋታ፣ ወግ የሚል ስምና መጨዋወት የሚል ግስ ነው። ቅጠሉ በአብዛኛው የተመዘገበው በ«ኬ ኤች ኤ ቲ» ሥር ሲሆን ምልክቱም የማይቆጠር ስም ነው። ተማሪው ምልክቱንና ፍቺውን አብሮ ቢያነብ ኖሮ አጎቱን ወግ ሻጭ አያደርገውም ነበር።

ተሻጋሪውና የማይሻገረው ግስ

በእኔ አስተያየት ከሁሉም ምልክቶች ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት በ«ቪ» አጠገብ የሚገኙት «ቲ» እና «አይ» ናቸው። «ቲ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይወስዳል። «አይ» የማይሻገር ነው፤ ተሳቢ አይወስድም፣ አንድ ነገር ማስከተል ካስፈለገው በመስተዋድድ አማካይነት ነው። በአሮጌ መዝገበ ቃላት «ቪ ቲ» እና «ቪ አይ» ተብለው ይገኛሉ።

የአማርኛው ግስና የእንግሊዝኛው ግስ በፍቺ ሲገጥሙ በአሸጋገር ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። እኛ ስለ ጉዳዩ ተወያየን ስለምንል ተማሪው «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም» ይላል፤ «ዲስከስ» ግን «ቲ» ስለሆነ «አባውት» አያስፈልገውም። እኛ ሬዲዮን እናዳምጣለን፤ «ሊስን» ግን «አይ» ስለሆነ «ቱ» ካልተከተለው ሬዲዮውን አይደርስበትም። እኛ ሐረር ደረስን እንላለን፣ በመካከል ምንም አናስገባም፤ በእንግሊዝኛ «ሪች» የሚለው ግስ እንደኛው በቀጥታ ሲወስድ «አራይቭ» ግን «ኢን» ወይም «አት» ይፈልጋል። ሁለቱን ቃላት «መድረስ» ብሎ ብቻ የጻፈ ደብተር ይህን ልዩነት አያሳይም።

ሌላው ጥንቃቄ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በራሱ ላይ ስለሚሸከም ነው። «አስረዳኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ አስረጂውም እኔም አለን። ስለዚህ «ኤክስፕሌይን ሚ ዘ ክዌስሽን» ማለት ለጆሯችን ትክክል ይመስላል። መዝገበ ቃላቱ ግን «ኤክስፕሌይን» የሚሻገረው ወደሚብራራው ነገር እንደሆነና ሰውየው በ«ቱ» እንደሚመጣ በምሳሌው ያሳያል፤ «ኤክስፕሌይን ዘ ክዌስሽን ቱ ሚ»። ከምልክቱ ቀጥሎ ምሳሌውን ሳያነቡ አይለፉ የምለው ለዚህ ነው።

በተጨማሪም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን በኃላፊ ጊዜ በሦስተኛ መደብ ወንድ ያስመዘግባል፤ ሄደ፣ ሰበረ፣ ጻፈ እንላለን። የእንግሊዝኛው ምንም ያልተቀጠለበትን ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ «ጎ» የሚለውን «ሄደ» ብለው ሳይሆን «መሄድ» ብለው በደብተርዎ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ኃላፊ ጊዜው በቃሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። «ዌንት» ብለው ቢፈልጉ ፍቺ ሳይሆን «የ‹ጎ› ኃላፊ ጊዜ» የሚል አጭር ማመልከቻ ብቻ ያገኛሉ፤ ያን ጊዜ ወደ «ጎ» መመለስ ነው።

ተውላጠ ስሞች እንዴት ይፈታሉ?

ተውላጠ ስምን በመዝገበ ቃላት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ ምክንያቱም «ኢት» ወይም «ሚ» ይህ ነው የሚባል ነገር ስለሌላቸው አዘጋጆቹ የሚጽፉት ፍቺ ሳይሆን አገልግሎት ነው። «ዩዝድ ቱ» ወይም «ዩዝድ አዝ» ብሎ የሚጀምር ፍቺ ካዩ ቃሉ ምን እንደሆነ ሳይሆን ለምን እንደሚውል እየተነገረዎት ነው። በዚያ ውስጥ «ሰብጀክት» ባለቤት፣ «ኦብጀክት» ተሳቢ፣ «ሲንጉላር» ነጠላ፣ «ፕሉራል» ብዙ ቁጥር መሆናቸውን ካወቁ አብዛኛው ይፈታልዎታል፤ «አይ» የባለቤት፣ «ሚ» የተሳቢ ቅርጽ መሆኑም ግልጽ ይሆናል።

ከአማርኛ ጋር የሚለያየው በሦስት መንገድ ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ እያልን የምንለየውን እንግሊዝኛ በ«ዩ» ብቻ ይሸፍነዋል፤ የድሬ ሰው ከመቀራረብ የተነሣ ታላቁንም ቢሆን አንተ ማለት ስለሚቀናው ይህ ለእኛ ብዙ አይከብደንም። ሁለተኛው «ኢት» ነው። እየዘነበ ነው ስንል የሚዘንበውን አንጠራም፤ እንግሊዝኛ ግን ግሱን ያለ ባለቤት አይተወውምና «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላል፣ መዝገበ ቃላቱም ስለ አየር ጠባይና ስለ ሰዓት ሲነገር «ኢት» ባለቤት ሆኖ እንደሚያገለግል ለብቻው በቁጥር ይጽፈዋል። ሦስተኛው «ዘይ» ነው፤ አዳዲስ መዝገበ ቃላት ጾታው ላልታወቀ ወይም ላልተጠቀሰ ለአንድ ሰውም እንደሚያገለግል ይመዘግባሉ፤ ስለዚህ ምንባብ ውስጥ «ዘይ» ባዩ ቁጥር ብዙ ሰዎችን አይፈልጉ።

የፍቺው ቅርጽ ራሱ ይናገራል

በፍቺ አጻጻፍ ውስጥ አንድ የጸና ልማድ አለ፤ ፍቺው የቃሉን ክፍል ይከተላል። ስም በስም ይፈታል፤ ስለዚህ «ኤ ፐርሰን ሁ» ከሚል ከጀመረ አድራጊ ነው፣ «ዘ አክት ኦፍ» ካለ ድርጊት ነው፣ «ዘ ስቴት ኦፍ» ካለ ሁኔታ ነው። ግስ «ቱ» ብሎ ይጀምራል። ቅጽል «ሃቪንግ»፣ «ፉል ኦፍ» ወይም «ሪሌቲንግ ቱ» ይላል። ተውሳከ ግስ «ኢን ኤ» ብሎ ጀምሮ «ዌይ» ብሎ ይጨርሳል። ወደ አማርኛ ሲመልሱም ይህን ቅርጽ ይጠብቁ፤ የስሙን በስም፣ የግሱን በንኡስ አንቀጽ፣ የተውሳከ ግሱን «በ» ወይም «በሆነ መንገድ» እያሉ። «ኪዩር» የሚለውን ስም «መድኀኒት፣ ፈውስ»፣ ግሱን «መፈወስ» ብሎ የለየ ተማሪ በምንባብ ውስጥ ሲያገኘው አይሳሳትም። ከዚህ ልማድ ወጥቶ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚፈታው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኮቢልድ የተባለ መዝገበ ቃላት ነው፤ እርሱ ደግሞ ቃሉን በፍቺው ውስጥ ስለሚያስገባው አጠቃቀሙ ከፍቺው ጋር አብሮ ይታያል።

ፍቺውን ማግኘትዎን ለመፈተን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በቃሉ ቦታ ይተኩት። ከገጠመ ደርሰዋል፤ ካልገጠመ ወደ ሌላ ምልክት ይሂዱ።

ስለ ቅጽል ማስታወስ የሚገባው አንድ ነገር አለ። አማርኛ የተኛ ልጅ፣ ልጁ ተኝቷል እያለ በሁለቱም ቦታ ይናገራል፤ «አስሊፕ» ግን ከስም በፊት አይቆምም፣ መዝገበ ቃላቱም «ኖት ቢፎር ናውን» ብሎ ያስጠነቅቃል። «ሜይን» በተቃራኒው ከስም በፊት ብቻ ይቆማል። በ«ኤል ዋይ» የጨረሰ ሁሉም ተውሳከ ግስ አይደለም፤ «ፍሬንድሊ» ቅጽል ነው። «ሃርድሊ»ም የ«ሃርድ» ጭማሪ መስሎ ትርጉሙ «እምብዛም» ነው።

አንድ ቃል በሙሉ

የተባለውን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ እንሥራው፤ «ዌል» ይሁን። ድሬዳዋ ውሃዋን ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች የምታገኝ ከተማ ስለሆነች ተማሪዎቼ ቃሉን የሚያውቁት ከሁለት ወገን ነው፤ ጉድጓድ ብለው እና ደህና ብለው። ደብተሩን ገልጠው አራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

«ዘ ዌል ኢዝ ድራይ» በሚለው «ዘ» ቀድሞታል፣ ስለዚህ ስም ነው፤ ምልክቱ «ኤን» ከ«ሲ» ጋር ነው፣ ብዙ ጉድጓዶች ሲሆኑ «ዌልስ» ይባላል። «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» በሚለው ግሱ «ስፒክስ» ነው፣ «ዌል» የንግግሩን ሁኔታ ስለሚጨምርበት ተውሳከ ግስ ነው፣ ትርጉሙም በደንብ ነው። «ሂ ኢዝ ኖት ዌል» በሚለው ከ«ኢዝ» በኋላ መጥቶ ባለቤቱን ስለሚገልጽ ቅጽል ነው፣ ትርጉሙ ጤነኛ ነው፤ አጠገቡም ብዙውን ጊዜ ከስም በፊት እንደማይቆም ተጽፎ ያገኛሉ። «ዌል፣ ሌት አስ ጎ» በሚለው ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር በሰዋስው ያልተሳሰረ ቃለ አጋኖ ነው፤ እኛ «እሺ እንግዲህ» ብለን እንደምንነሣው ነው።

አምስተኛው ገጹ ታች ላይ ይገኛል፤ ብዙዎች ሳይደርሱበት ይዘጋሉ። ምልክቱ «ቪ» ከ«አይ» ጋር ሲሆን «አፕ» የሚለውን ቃል አስከትሎ ይመጣል። «ቲርስ ዌልድ አፕ ኢን ሄር አይስ» ሲባል እንባ በዐይኖቿ ሞላ ማለት ነው። ይህ ግስ ከጉድጓዱ ስም ጋር አንድ ሥር አለው፤ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ላይ ሲመነጭ የሚያሳየውን እንባው ላይ አድርጎ የሚናገር ነው። በደንብ የሚለው ተውሳከ ግስ ግን ከሌላ ሥር የመጣ ስለሆነ፣ በአንዳንድ መዝገበ ቃላት ሁለቱ «ዌል» በአንድ አጻጻፍ ቢገናኙም ለየብቻ መሪ ቃል ሆነው አንዱ ትንሽ 1፣ ሌላው ትንሽ 2 ቁጥር ከላያቸው ይዘው ይገኛሉ።